ነፍሰ ጡሯ፣ ህያው ክኒኑና ያልተለካው ግፊት

በአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ከተማ ክብደታቸው ከመጠን በላይ የሆነ 411 ነፍሰ ጡሮች ለአንድ ጥናት ተመዘገቡ። ግማሽ ያህሉ በየቀኑ ሁለት ዓይነት ጠቃሚ ባክቴሪያ (ፕሮባዮቲክስ) የያዘ እንክብል እንዲውጡ ተደረገ፤ ለቀሩት መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ግን ባክቴሪያ የሌለበት እንክብል ተሰጣቸው። የታሰበው የእርግዝና ስኳርን ለመከላከል ነበር። ውጤቱ በ2019 ሲታተም ሐሳቡ እንዳልሰመረ ታወቀ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባክቴሪያውን ከወሰዱት 18.4 በመቶዎቹ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 12.3 በመቶዎቹ የእርግዝና ስኳር ያዛቸው። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ የደም ግፊትን እያናረ እናትንም ጽንስንም አደጋ ላይ የሚጥለው ፕሪኤክላምፕሲያም በመጀመሪያዎቹ ላይ 9.2፣ በኋለኞቹ ላይ 4.9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ተመራማሪዎቹም እንክብሉ ጎጂ ነው ብለው አልደመደሙም። ጥርጣሬው ግን አልጠፋም።

ያን ጥርጣሬ ያጠነከረው ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የኮክሬን ግምገማ ነው። ኮክሬን በየአገሩ የተደረጉ የሕክምና ሙከራዎችን ሰብስቦ አንድ ላይ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም ነው። በ2021 ባወጣው ግምገማ 1,647 ሴቶች የተሳተፉባቸውን ሰባት ሙከራዎች መረመረ። ፕሮባዮቲክስ የእርግዝና ስኳርን ይከላከላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘም። ፕሪኤክላምፕሲያን በተመለከተ ግን 955 ሴቶች ያሉባቸው አራት ሙከራዎች ሲደመሩ፣ እንክብሉን የወሰዱት ሴቶች ለሕመሙ የመጋለጥ ዕድላቸው ካልወሰዱት 1.85 እጥፍ ሆነ። ገምጋሚዎቹ ለዚህ ማስረጃ የሰጡት ደረጃ «ከፍተኛ» የሚለውን ነው። በሙከራዎቹ የተሳተፉት በብዛት ክብደታቸው ከመጠን በላይ የሆነ ሴቶች ስለሆኑ ውጤቱ ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር እንዳለ ይሠራል ማለት አይቻልም። እንደዚያም ሆኖ፣ «ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» እየተባለ ለሚሸጥ ነገር ይህ ቀላል ዜና አይደለም።

ዜናው እናቶች ጆሮ አልደረሰም። ለሆድ ድርቀት፣ ለቃር፣ ለማህፀን ኢንፌክሽን፣ ለሚወለደው ልጅ ቆዳ፣ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት፣ ለሁሉም ፕሮባዮቲክስ ፍቱን ነው የሚል መልእክት በስልክ ስክሪን ይመጣል። ከፋርማሲ መደርደሪያ ይመጣል፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣም ይመጣል። በአዲስ አበባ የተማረችና ገቢ ያላት ነፍሰ ጡር ስለ ነገሩ መስማቷ አይቀርም። ከማን ሰማች፣ ከሰማች በኋላስ ለመጠየቅ ወደ ማን ሄደች የሚለው ነው እኔን የሚያሳስበኝ። የእርግዝና ክትትል ክፍሉ ዝም ባለበት ጉዳይ ሻጩ ብቻውን መምህር ይሆናል።

ሐሳቡ ራሱ ሥር ያለው ነው። በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረውና በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ ከሚጠጡት የጎመዘዘ ወተት ጋር ይያያዛል ብሎ ያምን ነበር። በ2001 የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጠሯቸው ባለሙያዎች በአርጀንቲናዋ ኮርዶባ ተሰብስበው፣ ፕሮባዮቲክስ የሚባሉት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ ህያው ተህዋስያን መሆናቸውን ወሰኑ። ከዚህ የሚከተለው፣ ተህዋሱ ሞቶ ከሆነ፣ መጠኑ ካነሰ ወይም ጥቅሙ በሙከራ ካልታየ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ስም ባዶ ስም መሆኑ ነው።

ሌላው ከንግዱ ወሬ ሁልጊዜ የሚቀረው ነገር ዝርያ ነው። ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ የሚባለው ባክቴሪያ ብቻውን ብዙ ዝርያዎች አሉት፤ እያንዳንዱም በፊደልና በቁጥር ተለይቶ ይታወቃል። የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና ሁለቱም ቡና ሆነው ጣዕማቸው እንደሚለያይ፣ የእነዚህም ሥራ ይለያያል። በአንዱ የተገኘን ውጤት ለሌላው ማውረስ አይቻልም። «ፕሮባዮቲክስ ለነፍሰ ጡር ጥሩ ነው ወይ» የሚለው ጥያቄም ለዚህ ነው መልስ የማይኖረው። የትኛው ዝርያ፣ በምን ያህል መጠን፣ ለየትኛዋ ሴት፣ ለምን ችግር ተብሎ ሲጠየቅ ብቻ ነው ጥናት የሚመልሰው።

ተስፋ ከሰጡት ጥናቶች ጠንካራው የኒውዚላንዱ ነው። በኦክላንድና በዌሊንግተን 423 ሴቶች ከ14ኛው እስከ 16ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጀምረው፣ ግማሾቹ ኤችኤን001 የተባለውን የራምኖሰስ ዝርያ በቀን ስድስት ቢሊዮን ያህል ወሰዱ። ጥናቱ መጀመሪያ የታቀደው ለሕፃናት የቆዳ አለርጂ ነበር፤ ስለዚህም የተመረጡት በቤተሰባቸው አስም ወይም አለርጂ ያለባቸው ናቸው። በ2017 በወጡት ሁለት ሪፖርቶች ግን እናቶቹ ራሳቸው ተጠቅመው ታዩ። በአገሪቱ መለኪያ የእርግዝና ስኳር የያዛቸው ባክቴሪያውን ከወሰዱት 2.1 በመቶ፣ ካልወሰዱት 6.5 በመቶ ሆኑ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየውም ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ወይም በቀደመ እርግዝና ስኳር በነበረባቸው ሴቶች ላይ ነው። ከወሊድ በኋላ ስለነበረው ስሜታቸው ሲጠየቁም ባክቴሪያውን የወሰዱት የድባቴና የጭንቀት ነጥባቸው ዝቅ ያለ ነበር።

እነዚህ ሁለት ውጤቶች ናቸው ዛሬ በማስታወቂያ ሁሉ የሚስተጋቡት። ከኋላቸው ያለው ዝርዝር ግን አብሮ አይነገርም። የስኳሩ ውጤት ጠበቅ ባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ሲታይ ልዩነቱ እርግጠኛነቱን ያጣል። የስሜቱ ጥያቄ የቀረበው እናቶቹ የወሊዱን ሰሞን ወደ ኋላ እንዲያስታውሱ ተደርጎ ነው። በዚያው በኦክላንድ፣ በደቡባዊው የከተማው ክፍል ከመጠን በላይ ውፍረት ባላቸው 230 ነፍሰ ጡሮች ላይ በተደረገ ሌላ ሙከራ ደግሞ የብሪዝበኖቹ ሁለት ዝርያዎች ተሰጥተው የእርግዝና ስኳርንም የክብደት ጭማሪንም አልቀነሱም፤ በእናቶቹ የአእምሮ ጤናም ላይ ለውጥ አላመጡም። አንድ ከተማ፣ ተቀራራቢ ጊዜ፣ ሌላ ዝርያ፣ ሌሎች ሴቶች፣ ሌላ ውጤት።

ስለ ስሜቱ ጉዳይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በእኛ ዘንድ ብዙ ሴቶችን ብቻቸውን የሚያስጨንቅ ነውና። ወልዳ ማልቀስ የበዛባት፣ እንቅልፍ የነሳት፣ ሕፃኗን ማቀፍ የከበዳት ሴት «አራስ እንዲህ ናት፣ ያልፋል» ትባላለች። ገንፎና አጥሚት ይቀርብላታል፣ ሰው ይሰበሰብላታል፤ ስለ ውስጧ የሚጠይቃት ግን ብዙ ጊዜ የለም። እንዲህ ላለች ሴት ከገበያ የተገዛ እንክብል «ለስሜትም ይረዳል» ተብሎ ሲሰጣት፣ ሕክምና ፈልጋ የምትሄድበት ጊዜ ይባክናል። ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው። የኤችኤን001 ሙከራ ለወደፊት ምርምር በር የከፈተ ቢሆንም፣ ለታመመች አራስ የሚታዘዝ መድኃኒት አልሆነም።

ከአለርጂው ወገን የመጀመሪያው ትልቅ ዜና የመጣው ከፊንላንድ ነው። የቱርኩ ተመራማሪዎች በ2001 እንዳሳተሙት፣ አለርጂ ባለባቸው ቤተሰቦች እናቶች ከመውለዳቸው ጥቂት ሳምንታት በፊት ኤልጂጂ የተባለውን ዝርያ ሲወስዱና ከወሊድ በኋላም ሲቀጥል፣ ሁለት ዓመት የሞላቸው ልጆች ችፌ ከ46 ወደ 23 በመቶ ወረደ። የዓለም አለርጂ ድርጅት በ2015 ልጃቸው ለአለርጂ የተጋለጠ እናቶች ፕሮባዮቲክስ እንዲወስዱ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ማስረጃው በጣም ደካማ መሆኑን እዚያው ጽፏል። ምክሩ ሲሰራጭ ይህኛው ክፍል ወደ ኋላ ቀረ።

ከኖርዌይ የመጣው ደግሞ ጥሩ ዜና የሚመስል፣ ነገር ግን በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶች የምግብ ልማድ ሲታይ፣ ፕሮባዮቲክስ ያለበት ወተት የሚጠጡት ላይ ፕሪኤክላምፕሲያ አነስተኛ ነበር። የብሪዝበንና የኮክሬን ተቃራኒ ማለት ነው። ልዩነቱ ከጥናቱ ዓይነት ይነሳል። በኖርዌይ ወተቱን ማን እንደሚጠጣ የመረጡት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ወተት ገዝታ የምትጠጣ ሴት በሌላውም ኑሮዋ ለጤናዋ የምትጠነቀቅ ልትሆን ትችላለች። በብሪዝበን ግን ማን ምን እንደሚወስድ የወሰነው ዕጣ ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ክብደት የሚሰጠው ለዕጣው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንዱ ምግብ፣ ሌላው እንክብል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

አሁን ይህን ሁሉ ወደ አገራችን እናምጣው። በእኔ አስተያየት ጉዳዩ ከብሪዝበን ይልቅ እዚህ ይከብዳል። ብሪዝበን ያለች ነፍሰ ጡር ግፊቷ ቢጨምር በቀጠሮዋ ቀን ይለካል፣ ሽንቷ ይመረመራል፣ ካስፈለገም በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል ትተኛለች። በኢትዮጵያ በ2019 የወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው አራትና ከዚያ በላይ የእርግዝና ክትትል ያደረጉት እናቶች 43 በመቶ ነበሩ፤ በጤና ተቋም የወለዱት 48 በመቶ። ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት ደግሞ ከደም መፍሰስ ጋር በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ያው እንክብል፣ ያው ትንሽ ተጨማሪ አደጋ፣ ግፊት በሚለካበትና በማይለካበት አገር እኩል አይደለም። ጥቅሙ እርግጠኛ ባልሆነ ነገር ላይ ገንዘቧን የምታወጣ ሴት፣ በዚያው ሳምንት ግፊቷን ሳትለካ ቀርታ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል።

ፕሪኤክላምፕሲያን ለመከላከል የሚረዳ በብዙ ሺህ ሴቶች የተፈተነ ነገር መኖሩ ነው ይበልጥ የሚያስቆጨው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ፣ ከምግባቸው በቂ ካልሲየም የማያገኙ ነፍሰ ጡሮች ካልሲየም በየቀኑ እንዲወስዱ ይመክራል። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት በሕንዷ ባንጋሎርና በታንዛኒያዋ ዳሬሰላም በእያንዳንዱ አገር 11 ሺህ ሴቶችን አሳትፎ፣ በቀን 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ፕሪኤክላምፕሲያን በመከላከል ረገድ ከ1,500 ሚሊ ግራም እንደማያንስ አሳይቷል። ሃያ ሁለት ሺህ ሴቶች! የፕሮባዮቲክስ ወሬ የቆመበት የኒውዚላንዱ ጥናት 423 ነበሩት። ካልሲየም አንጸባራቂ ማስታወቂያ የለውም፤ ስለ እሱ የምትጠይቅ ነፍሰ ጡርም ብዙ አልሰማሁም።

አይረንም እንዲሁ ነው። ቀደም ሲል በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በእርግዝና ጊዜ ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ አይረን የወሰዱት እናቶች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሆዳቸውን ስለሚያደርቅና ስለሚያቅለሸልሻቸው የሚያቆሙ አሉ። ለዚህ ድርቀት ፕሮባዮቲክስ የሚገዙ አሉ። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ለነፍሰ ጡር የሆድ ድርቀት የሚለው ግን የስንዴ ፉርሽካና ሌላ አሰር ያለበት ምግብ ነው፤ ይህ በየቤታችን ያልተነፋ ዱቄትና ጥራጥሬ ማለት ነው።

ታዲያ እርጎስ? አንባቢ እዚህ ድረስ ሲመጣ ይህን ማንሳቱ አይቀርም፤ ትክክል ነው። እርጎ የህያው ባክቴሪያ ምግብ ነው። እናቶቻችን የወተቱን ዕቃ በወይራ ወይም በጥንጁት ጭስ አጥነው ወተቱን በራሱ ጊዜ ሲያረጉ የኖሩት ተህዋስያንን እያራቡ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማይክሮባዮሎጂ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ከሠላሳ ዓመት በፊት ጀምረው እርጎን፣ አይብን፣ ቦርዴን፣ ስልጆንና ሌሎችንም በላቦራቶሪ መርምረዋል። ጭሱ ለሽታና ለጣዕም ብቻ እንዳልሆነ፣ የማይፈለጉ ተህዋስያንን እንደሚገታም ሥራቸው ያሳያል። እርጎ በዚህ ላይ ፕሮቲንና ያንኑ ካልሲየም ይሰጣል። ለነፍሰ ጡር ከዚህ የተሻለ ምግብ ጥቂት ነው።

ግን ባልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ለነፍሰ ጡር አደጋ አለው፤ ይህን ደግሞ ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ለጤናማ ሰው ቀላል ሆኖ ሊያልፍ ሲችል፣ ነፍሰ ጡርን ግን ሊያስወርድ፣ ጽንስን ሊገድል ወይም ለአዲስ የተወለደ ሕፃን ከባድ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ፕሮፌሰር ሞገሴ በ1994 ሊስቴሪያ በእርጎ ውስጥ የሚሆነውን መርምረው እንዳሳተሙት፣ መጎምዘዙ ብቻውን ተህዋሱን በአንድ ሌሊት አያጠፋውም። በደቡብ አፍሪካ በ2017 እና 2018 ከተዘጋጀ የሥጋ ምግብ በተነሳው የሊስቴሪያ ወረርሽኝ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ ሞተዋል፤ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ አራስ ሕፃናት ነበሩ። በጥሬ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም ሊያስወርድ ይችላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወተቱ ይፈላል፣ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፣ ከንጹሕ እርጎ አንድ ማንኪያ ይጨመርበታል፣ በንጹሕና በታጠነ ዕቃ ተከድኖ ያድራል። ባክቴሪያው አብሮ ስለሚጨመር ይረጋል፤ ጎጂውም ቀድሞ በእሳት ሞቷል።

የቀሩትን በአጭሩ። እንጀራ ሲቦካ ህያው ነው፣ ምጣድ ላይ ሲወጣ ግን ባክቴሪያው አይተርፍም፤ ጥቅሙ ከሌላ በኩል ነው። ቦርዴ በደቡብ አካባቢ ለአራስ ወተት ይጨምራል ተብሎ ይሰጣል፤ አልኮል ስላለው ግን ለነፍሰ ጡር አልመክረውም። ሁዳዴ በያዘ ጊዜ እርጎ ከገበታ ይነሳል፤ ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርን ከጾም ብታሳርፍም ብዙዎቹ ይጾማሉ። ለእነሱ ከሱፍ ውሃና ከባቄላ ዱቄት በሰናፍጭ የሚቦካው ስልጆ አለ፤ ከወተት ውጪ ያለን የህያው ተህዋስያን ምግብ ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ስልጆን ለነፍሰ ጡር ብሎ የመከረ የጤና ባለሙያ የለም።

በምሥራቅ አፍሪካ ያሉ ሌሎች አገሮች ከዚህ ወደፊት ሄደዋል። በታንዛኒያዋ ምዋንዛ የሴቶች ማኅበር በካናዳ ዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ራምኖሰስ የተጨመረበት እርጎ ማምረት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። በዚያው አካባቢ በነፍሰ ጡሮች ላይ በተደረገና በ2014 በወጣ አነስተኛ ጥናት፣ ያን እርጎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የበሉት በደማቸው ያለው ሜርኩሪና አርሴኒክ የባሰ እንዳይጨምር እንደረዳቸው ምልክት ታይቷል። በኡጋንዳ ደግሞ ዮባ የተባለ የኔዘርላንድስ ድርጅት የኤልጂጂን ዝርያ በትንሽ ከረጢት ያከፋፍላል፤ አንድ ግራሙ 100 ሊትር ወተት ያረጋል። ውድ እንክብል ከውጭ ከማስመጣት ይልቅ ዝርያውን ወደ ወተቱ ማምጣት ማለት ነው። ገንዘቡ በአገር ይቀራል፤ ሴቶቹ ያመርታሉ፤ ነፍሰ ጡሯም ባክቴሪያውን ከምግብ ጋር ታገኛለች።

እንክብሉን ለምትገዛ እናት ማወቅ የሚገባት ሌላ ነገር አለ። ከአሜሪካ መምጣቱ ማረጋገጫ አይሆንም። በአሜሪካ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ተጨማሪ ምግቦች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት የመንግሥት ፈቃድ አይጠበቅባቸውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 ፕሮባዮቲክስ የተሰጠው ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን መሞቱን ተከትሎ፣ እንዲህ ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ሆስፒታሎችን አስጠንቅቋል። ለአዋቂ ሰው አደጋው እንደዚያ አይደለም፤ ግን በሽታ የመከላከል አቅሟ በመድኃኒት ወይም በሕመም የተዳከመ ነፍሰ ጡር ሐኪሟን ሳታማክር መውሰድ የለባትም። በሙቀት ውስጥ ከርሞ፣ መብራት በተቋረጠ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቶ የተሸጠ እንክብል ደግሞ ህያው ነው ለማለት ያስቸግራል። ማሸጊያው ላይ የዝርያው ሙሉ ስምና ቁጥር፣ እስከ መጠቀሚያ ቀኑ የሚቆየው የባክቴሪያ ብዛት፣ የማስቀመጫው ሙቀት ካልተጻፈ ገንዘቧን ለእንቁላልና ለወተት ብታውለው ይሻላታል። በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሥልጣን ሰጥቷል፤ ይህን መለያ በአማርኛም እንዲጻፍ ማስገደድ ይችላል።

የክትትል ክፍሉ ዝምታ መሰበር አለበት ስል አዲስ ሥልጠናና ብዙ ወረቀት እየጠየቅሁ አይደለም። አዋላጅ ነርሷ «ከእኛ ውጪ የምትወስጂው ነገር አለ?» ብላ ብትጠይቅ ይበቃል። መልሱ አዎ ከሆነ ማሸጊያውን ታያለች፤ ሴትዮዋ ክብደቷ ከፍ ያለ፣ ከዚህ በፊት ግፊት የነበረባት ወይም መንታ ያረገዘች ከሆነች እንድታቆም ትነግራታለች፤ የሚቀጥለውን የግፊት ቀጠሮ ታቀርብላታለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ስትሄድ ወተት አፍልቶ ስለማርጋት መናገር ትችላለች። ራስ ምታት የጠናባት፣ ዓይኗ የደበዘዘባት፣ ፊቷና እጇ ያበጠባት፣ ከደረቷ በታች ያመማት ነፍሰ ጡር ምንም ነገር ትውሰድ አትውሰድ በዚያው ቀን መታየት እንዳለባትም በዚያው ትነግራት።

የምርምሩ ሥራ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ነው። የእርጎ ተህዋስያን ተለይተው ታውቀዋል፤ ነፍሰ ጡሮች በየጤና ጣቢያው አሉ፤ ወተቱም አለ። የጎደለው በዕጣ የተከፋፈለ፣ ፈልቶ በረጋ እርጎ የሚደረግ፣ ከምንም በፊት የእናቶቹን ግፊት በየቀጠሮው የሚለካና የሚመዘግብ ጥናት ነው። እስከዚያው ድረስ ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር የምመክረው ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ክትትል፣ አይረንና ፎሊክ አሲድ፣ ሐኪሟ ካዘዘላት ካልሲየም፣ ቀጥሎ ፈልቶ የረጋ እርጎ ነው። እንክብሉ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ ዝርያውና ምክንያቱ በሐኪሟ ከታወቀ ነው።